የጀርባና የበቅሎ ድርሻ፦ ለሰሜን ተራሮች የእግር ጉዞ ጓዝ ሲሰናዳ

መጀመሪያ ሰሜን ተራሮችን የወጣሁ ጊዜ ያለኝን ሙቅ ልብስ ሁሉ በበቅሎዋ ላይ ጫንኩት። ጠዋት ከሳንቃበር ስንነሳ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ፀሐዩም የሚጠብስ ነበርና በሸሚዝ ተጓዝኩ። ማታ ግጭ ስንደርስ ፀሐይዋ ገባች፤ ብዙም ሳይቆይ ጣቶቼ የሸሚዜን ቁልፍ መቆለፍ አቃታቸው። በቅሎዋ በሌላ መንገድ ስለሄደች ገና አልደረሰችም። ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅኋት። አብሮን የነበረው ስካውት፣ የፓርኩ ታጣቂ ጠባቂ፣ አየት አደረገኝና ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ደረበልኝ። እሱ በስስ ኮቱ ጠመንጃውን ታቅፎ ቁጭ አለ።

ከዚያ ወዲህ ተራራ የሚወጡ ወዳጆቼ «ምን ልያዝ?» ሲሉኝ በጥያቄ እመልሳለሁ፦ «በሚያስፈልግህ ሰዓት የት ይሆናል?» ጃኬት መያዝ እንዳለበት የማያውቅ መንገደኛ የለም። ችግሩ ጃኬቱ ከባለቤቱ ሁለት ሰዓት ርቆ በበቅሎ ጀርባ ላይ ሲቀር ነው። ይህን መመሪያ ያዘጋጀሁትም በዚሁ መሠረት ነው፤ ስለ እያንዳንዱ ዕቃ ስናገር ማን እንደሚሸከመው አብሬ እናገራለሁ።

ምሳሌ ያደረግሁት ከደባርቅ ተነስቶ በሳንቃበር፣ በግጭና በጨነቅ አልፎ እስከ ራስ ዳሽን የሚዘልቀውን የአምስት ስድስት ቀን ጉዞ ነው። ወደ ባሌ ወይም ወደ ሌላ ከፍታ የሚሄድ ሰውም ጥቂት አሻሽሎ ይጠቀምበታል።

1. ከፍታውንና ወሩን ይወቁ

ልብስ ከመምረጥ በፊት ቁጥሩን ማወቅ ይቀድማል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት የሚገኝባት ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከፍታዋም ከ2,700 ሜትር ይበልጣል። ሳንቃበር 3,250፣ ግጭና ጨነቅ 3,600 ሜትር ገደማ ናቸው። ከጨነቅ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሰው የቧሂትን ትከሻ 4,200 ሜትር ላይ ተሻግሮ ወደ መሸሃ ወንዝ ይወርዳል፤ ከዚያ እንደገና ወደ አምቢቆ፣ ወደ 3,200 ሜትር ይወጣል። ራስ ዳሽን፣ ራስ ደጀን የሚሉትም አሉ፣ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፤ በአገራችን ከእሱ የሚበልጥ ተራራ የለም።

አየሩ በየ100 ሜትሩ 0.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀዘቅዛል። ጎንደር ላይ 20 ዲግሪ በሆነበት ሰዓት ጨነቅ ላይ 11፣ ራስ ዳሽን አናት ላይ ደግሞ 5 ዲግሪ ገደማ ይሆናል ማለት ነው፤ ንፋሱ ሳይቆጠር። ይህ የቀኑ ሒሳብ ነው። ሌሊት ሰማዩ ከጠራ መሬቱ የቀን ሙቀቱን ሁሉ ስለሚለቅ ሙቀቱ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ጠዋት ድንኳንዎ አመዳይ ለብሶ ሊያገኙት ይችላሉ። አባቶቻችን አገሩን በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ብለው ሲከፍሉ ከሁሉ በላይ ያለውን «ውርጭ» ያሉት ቀምሰውት ነው።

ወሩ ደግሞ ጓዙን ይለውጠዋል። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ሣሩ ገና አረንጓዴ፣ አየሩም ንጹሕ ነው፤ አልፎ አልፎ ግን ዝናብ ሊጥል ይችላል። ታኅሣሥና ጥር ደረቅ ናቸው፤ ሌሊቱ ግን ክፉ ነው። በየካቲትና በመጋቢት አቧራ ስለሚበዛ አፍና አፍንጫ የሚሸፍን ሻሽ ያስፈልጋል። ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ዝናቡና ጉሙ ስለሚበረታ፣ ግዴታ ከሌለብዎት በስተቀር ይተዉት።

ቀኑን ከመቁረጥዎ በፊት የመንገዱንና የአካባቢውን ጸጥታ በቅርብ ከሚያውቅ ሰው ያጣሩ። ይህን የሚተካ ዕቃ የለም።

2. ጓዙን ለሁለት ይክፈሉ

በፓርኩ ውስጥ ያለ ስካውት መጓዝ አይፈቀድም። ብዙ ሰው መንገድ መሪ፣ ባለበቅሎና ምግብ አብሳይም ይጨምራል። በቅሎዋ በራሷ ፍጥነት ትሄዳለች። ሰፈሩ ተነቅሎ፣ ዕቃው ተጠቅልሎ እስኪጫን እርስዎ ቀድመው ይወጣሉ፤ እሷ መንገድ ላይ ትቀድምዎታለች ወይም በአቋራጭ ትሄዳለች። ስለዚህ ከጠዋት እስከ ማታ አያገኟትም ብለው ያስቡ።

ቤት ውስጥ ሁለት ምንጣፍ ያንጥፉ። አንዱ የጀርባዎ፣ ሌላው የበቅሎዋ ነው። እያንዳንዱን ዕቃ ሲያነሱ «ይህ ነገር ከጠዋት እስከ ማታ ባይኖረኝ እጎዳለሁ?» ብለው ይጠይቁ። የሚጎዱ ከሆነ በጀርባዎ፣ ካልሆነ በበቅሎዋ።

የጀርባ ቦርሳዎ ውሃውን ጨምሮ ከ6 ወይም ከ7 ኪሎ ባይበልጥ መልካም ነው። ከወገብ ላይ የሚታሰር ቀበቶ ያለውን ይምረጡ፤ ክብደቱ ከትከሻ ወደ ዳሌ ይወርድልዎታል። የበቅሎዋ ጭነት ደግሞ ለስላሳ ከረጢት ይሁን። ጎማ ያለው ደረቅ ሻንጣ ለገመድ አይመችም፣ የእንስሳዋንም ጎን ይልጣል። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ ልብሱን በወፍራም ላስቲክ እጠቀልላለሁ፣ ላስቲኩን በከረጢት ውስጥ እከታለሁ፣ ከረጢቱን ደግሞ በማዳበሪያ ውስጥ። ላስቲኩ ዝናቡን፣ ማዳበሪያው የገመዱንና የእሾሁን መቧጨር ይችላል። ማዳበሪያው ላይ ስምዎን በቀለም ይጻፉበት፤ ደባርቅ ላይ ሁሉም ማዳበሪያ አንድ ይመስላል።

አንዲት በቅሎ ምን ያህል እንደምትጭን ከባለበቅሎው ጋር ቀድመው ይነጋገሩ። ሲበዛባት ሁለተኛ በቅሎ ይጨምሩ እንጂ አይከራከሩት። እንስሳዋ መንገድ ላይ ከደከመች የሚመሽብዎት እርስዎ ነዎት።

3. ልብስ፦ ሦስት ድርብ፣ በየሰዓቱ

ተራራ ላይ አንድ ወፍራም ካፖርት ከሦስት ስስ ልብሶች ያንሳል። ዳገት ሲወጡ ያልብዎታል፣ አፋፉ ላይ ሲቆሙ ንፋሱ ያንን ላብ ያቀዘቅዘዋል። ስለዚህ የሚወልቅና የሚደረብ ልብስ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ከገላ የሚጣበቀው ነው። ሱፍ ወይም ለስፖርት ተብሎ የሚሠራው ፖሊስተር ይሁን። ጥጥ ላብን ይጠጣና አልደርቅ ይላል፤ እርጥብ ጥጥ ደግሞ ሙቀትን ከሰውነት ይመጥጣል። ሁለት ይያዙ፦ አንዱ የመንገድ፣ አንዱ የመኝታ ብቻ። የመኝታውን በቀን አይልበሱት፤ ማታ ደረቅ ልብስ ማግኘት የግማሽ ሌሊት እንቅልፍ ነው።

ሁለተኛው ሙቀት የሚይዘው ነው፦ ወፍራም ሹራብ፣ ወይም ላባ የተሞላ ቀላል ጃኬት። ላባ ለክብደቱ እጅግ ይሞቃል፤ ሲረጥብ ግን ዋጋ የለውም። በዝናብ ወር ሰው ሠራሽ ሙሌት ያለው ይሻላል።

ሦስተኛው ንፋስና ዝናብ የሚመልሰው ውጫዊ ጃኬት ነው። ኮፍያው ከራስ ጋር የሚዞር፣ ስፌቱ ከውስጥ የታሸገ ይሁን። የዝናብ ሱሪም አይርሱ። ሁለተኛውና ሦስተኛው፣ ሰማዩ የቱንም ያህል ቢጠራ፣ ሁልጊዜ በጀርባዎ ናቸው። እኔ ግጭ ላይ የከፈልኩት ዋጋ የዚህ ነው።

ስለ ጋቢ አንድ ነገር ልበል። ጋቢ ጥጥ ነው፤ ከረጠበ እንደ ድንጋይ ይከብዳል፣ በአንድ ቀንም አይደርቅም። ነገር ግን ማታ ድንኳን ደጃፍ ላይ ሲቀመጡ የሚተካው የለም፤ ሌሊት በስሊፒንግ ባግ ላይ ሲደረብም ያሞቃል። ስለዚህ ጋቢ የበቅሎዋ ድርሻ ነው፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ። የደጋው ሰው በርኖስና ባና የሚሠራው ከበግ ጠጉር የሆነበትም ምክንያት አለው፤ ጠጉር እርጥብ ሆኖም ሙቀት አይነፍግም።

ለራስ ሁለት ነገር ያስፈልጋል፦ ለቀን ጥላ የሚሰጥ ባለ ክፈፍ ባርኔጣ፣ ለማታ ጆሮ የሚሸፍን የሱፍ ቆብ። ጓንት ግድ ነው። ሱሪ ቶሎ የሚደርቅ ይሁን፤ ጂንስ ቤት ይቅር። የውስጥ ሱሪና ካልሲ ለየቀኑ አያስፈልግም፤ ሦስት ሦስት ይበቃል።

4. እግር

ከሁሉም ዕቃ ጫማዎን ቀድመው ይግዙ። ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ሶሉ ጥርስ ያለው፣ ከፊቱ የአውራ ጣት ስፋት የሚተርፍ ይሁን፤ ቁልቁለት ሲወርዱ ጣት ወደ ፊት ይገፋልና። ከጨነቅ ማዶ ወደ መሸሃ ሲወርዱ ጠባብ ጫማ ጥፍር ያስነቅላል። አዲስ ጫማ አድርገው ደባርቅ አይድረሱ፤ ቢያንስ አንድ ወር ከተማ ውስጥ ያለማምዱት።

ስካውቱ ወይም ባለበቅሎው በኮንጎ ጫማ ከፊትዎ እየዘለለ ሲሄድ ያያሉ። በእሱ አይቅኑ። የእሱ እግር ዕድሜውን ሙሉ ተለማምዷል፤ የእርስዎ ግን ከአስፋልት የመጣ ነው።

እግርዎ ላይ የሆነ ቦታ ሲሞቅዎት፣ ገና ውሃ ሳይቋጥር፣ ይቁሙና ፕላስተር ይለጥፉ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ይመስለኛል። ስለዚህ ፕላስተሩ በጀርባ ቦርሳ የላይኛው ኪስ ውስጥ ይቀመጣል። ማታ የሚያደርጉት ነጠላ ጫማ ወይም ሸራ ጫማ ግን በበቅሎ ይሂድ።

ዱላ ይያዙ። የሚታጠፍ የተራራ ዱላ ካለዎት ጥሩ፤ ከሌለዎት ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ ዱላ ሥራውን ይሠራል። ለጉልበት ትልቅ እረፍት ነው፣ በተለይ ቁልቁለት ላይ።

5. እንቅልፍ

ስሊፒንግ ባግ ሲገዙ ላዩ ላይ ሁለት ቁጥር ያያሉ። አንዱ ተመችቶ የሚያስተኛው፣ ሌላው ሰው ተጨማዶ የሚችለው የመጨረሻ ቅዝቃዜ ነው። ሻጩ የሚጮኽልዎት ሁለተኛውን ነው፤ እርስዎ የሚያምኑት ግን የመጀመሪያውን ይሁን። ለሰሜን ተራሮች የደረቅ ወራት፣ ምቹ የተባለው ቁጥር ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ የሆነውን ይምረጡ። የሚያገኙት ስስ ከሆነ በጋቢ ይደርቡት።

ከሥር የሚነጠፈውን ሰው ይንቀዋል። ሰውነት ተጭኖት የታመቀ ላባ ሙቀት አይይዝም፤ ቅዝቃዜውም ከመሬት ይመጣል። ስለዚህ ፎም ወይም አየር የሚሞላ ፍራሽ የግድ ነው። ፎም ከባድ ባይሆንም ቦታ ይይዛል፤ ቢሆንም አይበሳም፣ እኔ የምመርጠው እሱን ነው።

ሁለት ትንሽ ዘዴዎች፦ ከመተኛትዎ በፊት የፈላ ውሃ በብረት ኮዳ ሞልተው፣ በካልሲ ጠቅልለው ከእግርዎ ሥር ያስቀምጡ። ጠዋት ያንኑ ውሃ ይጠጡታል። ሁለተኛው፣ ስልክዎንና የባትሪ ድንጋዮችን ከጎንዎ አድርገው ይተኙ፤ ቅዝቃዜ ኃይላቸውን ይበላዋል።

6. ስንቅና ውሃ

ከፍታ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል፣ ግን በዝቅተኛ ሙቀት ነው የሚፈላው፤ ግጭ ላይ 88 ዲግሪ ገደማ። ስለዚህ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ድፍን ምስር ጋዙን ጨርሰው ራሳቸው አይበስሉም። ቤት ሆነው ሲያስቡት የነበረውን ወጥ ይተዉት።

ደስ የሚለው ለዚህ የሚሆነውን ምግብ አያቶቻችን ቀድመው ማሰናዳታቸው ነው። በሶ አስቀድሞ የተቆላ ገብስ ስለሆነ እሳት አይፈልግም፤ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው በጨው ወይም በማር ይጠጡታል። ሽሮ ዱቄት በመሆኑ ቶሎ ይበስላል። ድርቆሽ ክብደት የለውም፤ በትንሽ ወጥ ሲነካ ፍርፍር ይሆናል። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ኦቾሎኒ በኪስ ሆነው እየተጓዙ ይበላሉ። ቋንጣ የሚበላ ሰው ጥቂት ይያዝ። ቴምርና ማር ዳገት ላይ ፈጣን ኃይል ይሰጣሉ።

ከፍታ ላይ የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ ሰውነት ግን የበለጠ ይፈልጋል። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ይብሉ። የቀኑ ቆሎና በሶ በጀርባዎ ነው፤ የማብሰያው በበቅሎዋ።

ስንቅ ሲያሰሉ ስካውቱን፣ መሪውንና ባለበቅሎውን ይጨምሩ፤ አብረው የሄዱ ሰዎች አብረው ይበላሉ። የጾም ቀንንም አይርሱ። አብዛኞቹ ረቡዕና ዓርብን ይጾማሉ፤ ምርጡ የጉዞ ወቅት ደግሞ ኅዳር 15 ከሚገባው የነቢያት ጾም ጋር ይገናኛል። ዘይት፣ ሽሮና በሶ በብዛት ካለዎት ሥጋና ወተት ባይኖርም ማንም ሳይበላ አያድርም። ቡና ይያዙ፣ ከስኳሩ ጋር። መንገድ ላይ ጦስኝ ሲሸትዎት ማታ ሻዩ ውስጥ ምን እንደሚገባ ባለበቅሎው ያሳይዎታል።

ምንጭና ጅረት አለ፣ ግን ከላይ ከብት ይሰማራል። ጥሬ ውሃ አይጠጡ። ማፍላት ከሁሉ የታመነ ነው፤ በዚህ ከፍታ መፍላት ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። እንደ ውሃ አጋር ያለ የክሎሪን ማከሚያ በጀርባ ቦርሳ ይኑርዎት፤ ውሃው የደፈረሰ ከሆነ አስቀድመው በነጠላ ጨርቅ ያጥልሉት። በቀን 3 ሊትር ለመጠጣት ያቅዱ።

ማብሰያው ቡታጋዝ ይሁን፣ ላምባውም ከደባርቅ ወይም ከጎንደር ይገዛ። የአስታ ዛፍ ቆርጦ ማንደድ አይገባም። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ፓርኩን የፈጀው እሳት የጓሳ ሣሩንና አስታውን እንዴት እንዳጋየው ብዙዎቻችን እናስታውሳለን፤ ለማጥፋት ከእስራኤል ሳይቀር የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጥተው ነበር። በበጋ አንዲት ፍም በቂ ናት።

7. የአየሩ መሳሳትና የመድኃኒት ከረጢት

ግጭና ጨነቅ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኙት ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚያገኙት ሁለት ሦስተኛው ያህል ነው፤ ራስ ዳሽን ላይ ከግማሽ ትንሽ ይበልጣል። አዲስ አበባ የኖረ ሰው ጥቂት ተለማምዷል። ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዱባይ የመጣ ግን በጎንደርና በደባርቅ ሁለት ሦስት ሌሊት ቢያድር ይሻለዋል። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ቦታዎን በየሌሊቱ ከ500 ሜትር ባልበለጠ ከፍ ያድርጉ።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት ሲደራረቡ የከፍታ ሕመም ነው ብለው ይጠርጥሩ። እስኪሻልዎት ከዚያ በላይ አይውጡ። ሰውየው ከተንገዳገደ፣ ነገር ከተምታታበት፣ ወይም ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ካጠረውና አረፋ ያለው አክታ ካሳለው ነገሩ ለሞት የሚያደርስ ነው። ሌሊትም ቢሆን መውረድ ነው። ያን ጊዜ የበቅሎዋ ጭነት ይራገፍና ሰውየው ይጫናል።

ዳያሞክስ በሚለው ስሙ የሚታወቀው አሴታዞላማይድ ሰውነት ከፍታውን ቶሎ እንዲለምድ ይረዳል። ለሁሉም ሰው ስለማይስማማ፣ በተለይ ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ላለበት፣ ከጉዞው በፊት ሐኪም ያማክሩ። የልብ፣ የሳንባ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበትና እርጉዝ ሴትም እንዲሁ። አረቄና የእንቅልፍ ኪኒን ከፍታ ላይ ትንፋሽን ያዳክማሉና ይቅሩ።

በከረጢቱ ውስጥ፦ ፕላስተርና ፋሻ፣ ፓራሲታሞል፣ ኦአርኤስ፣ የተቅማጥ መድኃኒት፣ የቁስል ማጽጃ፣ ትንሽ መቀስና ዘወትር የሚወስዱት የራስዎ መድኃኒት። ይህ ከረጢት ከጀርባዎ አይለይም።

ፀሐዩንም ከሕመም ይቁጠሩት። በየ1,000 ሜትሩ የሚያቃጥለው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ቅዝቃዜው ግን ያታልላል። ጥቁር ቆዳም ይላጣል፣ ከንፈርም ይሰነጠቃል። ቅባት፣ የከንፈር ቅባትና ጥሩ ጥቁር መነጽር በጀርባ።

8. ብርሃን፣ ብርና ቆሻሻ

ወደ ራስ ዳሽን ከአምቢቆ የሚነሱት ገና ሳይነጋ ነው፤ ደርሶ መልሱ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ይያዙ፣ ሁለቱም እጅዎ ነጻ ይሁን። ትርፍ የባትሪ ድንጋይም ይኑር። ፓወር ባንክ ይያዙ፤ ሰፈሩ ላይ መብራት አገኛለሁ አይበሉ፤ ስልኩንም ኔትወርክ በሌለበት ያጥፉት።

ብር በዝርዝር ይያዙ። ከደባርቅ ወዲያ ባንክ የለም፤ ለስካውት፣ ለባለበቅሎ፣ ሻይ ላፈላችልዎት እናት የ200 ብር ኖት የሚመነዝር አያገኙም። መታወቂያና የፓርኩ ደረሰኝ በላስቲክ ሆኖ በጀርባ። ፊሽካም አንድ፤ ጉም ሲወርድ ጩኸት አይሰማም።

ሁለት ባዶ ላስቲክ ይጨምሩ፣ ለቆሻሻ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 ከላሊበላ ጋር ከመጀመሪያዎቹ የዓለም ቅርሶች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል። የያዙት ላስቲክና ጠርሙስ ይዘውት ይመለሱ። የጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ቢቀርቡዎትም አያብሏቸው፤ እነሱ ሣራቸው አላቸው።

ከውጭ አገር ለሚመጡ፦ ጫማ፣ ስሊፒንግ ባግ፣ የግንባር ባትሪና መድኃኒት ከዚያው ይዘው ይምጡ። የተለማመደውን ጫማ ደግሞ በእግርዎ አድርገው ይሳፈሩ፤ የጠፋ ሻንጣ በሌላ ይተካል፣ የለመደ ጫማ ግን አይተካም። ፓወር ባንክ በእጅ ቦርሳ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይሄድም። የጋዝ ቆርቆሮ በአውሮፕላን ፈጽሞ አይፈቀድም። ድሮን ያለ ፈቃድ አይያዙ።

9. ከመነሳትዎ በፊት አንድ ቅዳሜ

የጀርባ ቦርሳዎን ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን ይሙሉት፣ ውሃውንም ጨምሮ። ጫማዎን አስረው፣ አዲስ አበባ ከሆኑ፣ እንጦጦን ይውጡ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ለፈተና ይሆናል። ሌላ ከተማ ያሉም ያገኙትን ዳገት ይውጡ። የአምስት ሰዓት ጉዞው ቦርሳው የት እንደሚፈገፍግ፣ ጫማው የት እንደሚነክስ፣ ዝናብ ልብሱን ለማውጣት ስንት ነገር ማራገፍ እንዳለብዎት ይነግርዎታል። ማታ ቤት ሲገቡ ያልነኩትን ሁሉ ያውጡ፤ የዝናብ ልብሱንና መድኃኒቱን ግን አይንኩ። እነሱ ሳይነኩ ቢመለሱ ደስ ይበልዎ።

ቀድተው የሚይዙት ዝርዝር

በጀርባ፦
- የዝናብ ጃኬትና ሱሪ፣ ሹራብ ወይም የላባ ጃኬት
- ባርኔጣ፣ የሱፍ ቆብ፣ ጓንት፣ ሻሽ
- ውሃ 2 ሊትር፣ የውሃ ማከሚያ፣ ቆሎና በሶ
- የመድኃኒት ከረጢት፣ የፀሐይና የከንፈር ቅባት፣ መነጽር
- የግንባር ባትሪ፣ ስልክ፣ ፓወር ባንክ፣ ፊሽካ
- ዝርዝር ብር፣ መታወቂያ፣ ደረሰኝ፣ ሶፍትና የቆሻሻ ላስቲክ

በበቅሎ፦
- ድንኳን፣ ስሊፒንግ ባግ፣ ፎም፣ ጋቢ
- የመኝታ ልብስ፣ ሦስት ካልሲና የውስጥ ልብስ፣ አንድ ትርፍ ሱሪና ሸሚዝ
- የማታ ጫማ፣ ፎጣ፣ ሳሙና፣ የጥርስ ብሩሽ
- ቡታጋዝ፣ ላምባ፣ ድስት፣ ኩባያ፣ የብረት ኮዳ
- ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ ዘይት፣ ጨው፣ ቡና፣ ስኳር፣ ሻይ

በሁለተኛው ጉዞዬ ያንኑ የግጭን ሜዳ ማታ ላይ ደረስኩበት። የጅብራ ተክሎቹ እንደ ዘበኛ ቆመዋል፣ በቅሎዋም እንደ ልማዷ ገና ናት። ሹራቤን ከቦርሳዬ አውጥቼ ለበስኩ፣ ቆቤን አጠለቅሁ፣ ቆሎ አወጣሁና ለስካውቱ ዘረጋሁለት። ጋቢውን ትከሻው ላይ ሰብሰብ አደረገና እፍኙን ሞልቶ ወሰደ። ጎን ለጎን ተቀምጠን በቅሎዋን ጠበቅናት።